ዋስ የጠፋላት ልጅ

ሰው በገዛ ቤቱ እንደ ዕቃ ሲታለፍ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ዛሬ ጠዋት አየሁ። ጓዳ ተቀምጬ ለቆሎ የሚሆን ገብስ እለቅማለሁ። የጓዳውና የሳሎኑ መለያ ኮምፔርሳቶ ነው፤ ኮምፔርሳቶ ደግሞ ብርድ እንጂ ወሬ አያግድም። ትናንት ማታ ከሲሬ የመጣው ልጄ አሰግድ ከልጅ ልጄ ከእስከዳር ጋር ሻይ ይዞ ተቀምጧል። «እኔ በደሞዜ ዋስ አልሆንም» ይላል። «የፊዚክስ አስተማሪ ነኝ። ናይሮቢ ያለ ፈረንጅ ነገ ተነስቶ ይህ ጠፋብኝ፣ ያ ተሰበረብኝ ቢለኝ ከየት አምጥቼ እተካለሁ?» ደግሞም፣ «እማዬን እንዳትዪኝ። የቤቱ ካርታ በስሟ ቢሆንም የምትፈርመው በጣቷ ነው። ፊደል ላልቆጠረች አሮጊት ማን ዋስትና ይቀበላል? እሷስ ስለዚህ ነገር ምን ታውቃለች?» አለ። እጄ ሰፌዱ ላይ ቆመ። አሰግድስ ይሁን፤ አፉ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ከልቡ ይቀድማል። ያንገበገበኝ የእስከዳር ዝምታ ነው። እናቷ ስትሞት የአራት ዓመት ልጅ ነበረች፤ በእነዚህ እጆች ነው ያሳደግኳት። «አጎቴ፣ እማማን እንዲህ አትበላት» ማለት ምን ይከብዳል? የሻይ ማንኪያዋን ስታማስል ብቻ ሰማሁ። ስኳሩ ድሮ የሟሟ ሻይ።

ለመሆኑ ይህን ቤት ያቆመው ማን ነው? ባለቤቴ የኋላሸት፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ደግ ሰው ነበር፤ ግን ሚስማር ምታ ሲሉት ጣቱን የሚመታ ሰው ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት አሰላ ገበያ ላይ እህል የነገድኩት እኔ ነኝ። የዲክሲስ ወረዳን ስንዴ ከጮሌ ወረዳው በእጄ ዳስሼ እለያለሁ። ጆንያ ውስጥ ክንዴን እስከ ክርኔ ከትቼ፣ የቱ ዝናብ እንዳገኘው፣ የቱ ከአምና የተረፈ እንደሆነ እናገር ነበር፤ ወፍጮ ቤት ያላቸው ሰዎች ሳይቀሩ «ፋናዬ ትየው» ይሉ ነበር። ቤቱ ሲያልቅ ማዘጋጃ ቤት ሄጄ ካርታውን አወጣሁ። ሰውየው ስሜን ሲጽፍ ከብዕሩ ዓይኔን አልነቀልኩም። ፊደሉን ባላውቀውም የስሜን መልክ ከዚያን ቀን ጀምሮ አውቀዋለሁ።

እስከዳር ዩኒቨርሲቲ ገብታ የተማረችው ኮምፒውተር ነው። አዲስ አበባ አንድ ድርጅት ተቀጥራ ነበር፤ ደሞዟን የቤት ኪራዩ እየበላባት፣ የሠራችውን አለቃዋ በራሱ ስም እያቀረበባት፣ ዓመት ከመንፈቅ ታግላ ሻንጣዋን ይዛ መጣች። «እንኳን መጣሽ» አልኳት፤ ሌላ አልጠየቅኳትም። ይኸው ሦስት ዓመቷ ነው። የሠፈሩ ሰው «የፋናዬ ልጅ ተምራ ቤት ዋለች» ይላል። ልጅቱ ግን ለአዳማ ሆቴሎችና ለአንዳንድ ነጋዴዎች ኢንተርኔት ላይ የሚታይ ገጽ እየሠራች አስቤዛችንን ትሸፍናለች። ከዚያ የተረፈውን ሰዓቷን የምታፈስበት ሌላ ሥራ አላት። ምን እንደሆነ አንድ ቀን ጠየቅኳት። ስሙ አፌ ውስጥ አይቀመጥልኝም እንጂ፣ ስልክ የያዘ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ትልቅ ኩባንያ ነው አለችኝ። ሰዎቹ ከሚሠሩት ውስጥ አንዳንዱን አይቆልፉበትም፤ በሩን ክፍት አድርገው ያስቀምጡታል። የፈለገ ገብቶ ያየዋል፣ ስህተት ያገኘ አርሞ ያቀርባል፣ እነሱ ደግሞ መርምረው፣ ተከራክረው፣ ደህና ከሆነ ይቀበሉታል።

«ስንት ይከፍሉሻል?» አልኳት።

«አይከፍሉኝም እማማ።»

«እነሱ እስኪያገሳቸው ጠግበው አንቺን በነፃ ያሠሩሻል?»

«እነሱም የሠሩትን በነፃ ይሰጣሉ እኮ። እኔስ ከማን ተማርኩት?»

ነገሩ አልጣመኝም። ግን ገበያ ሳለሁ አጠገቤ ሽንኩርት የምትሸጠው የከዲጃ ጆንያ ተቀዶ ሽንኩርቷ መሬት ሲፈስ መርፌና ክር ይዤ የምሮጥ እኔ ነበርኩ፤ ማን ከፈለኝ? ስለዚህ አፌን ዘጋሁ።

እንግዲህ ከሁለት ሳምንት በፊት ይኸው ኩባንያ ለልጅቱ ጻፈላት። ሥራሽን አይተናል፣ ናይሮቢ ካለው ቢሯችን ተቀጠሪ አላት። እልል ብዬ ጎረቤት አነቃሁ። ለአሰግድ ተደወለ፤ እሱም ገና እንኳን ደስ ያለሽ ሳይላት፣ እዚህ አገር ሰው ሥራ አገኘ ሲባል ሁሉም ቀድሞ የሚጠይቀውን ጠየቃት፦ «ዋስሽ ማን ነው?» ያው እንደምታውቁት ነው፤ ለዘበኝነትም ሆነ ለገንዘብ ያዥነት ዋስ የሌለው ሰው ደጃፍ አይረግጥም። ራሱ አሰግድ አስተማሪ ከመሆኑ በፊት የእህል መጋዘን ሲቀጠር ዋስ የሚሆነው አጥቶ፣ አንድ የወፍጮ ቤት ባለቤት ቤት ሦስት እሑድ የተመላለስኩለት እኔ ነኝ። እስከዳር ስልኩን ይዛ ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ «አላገኘሁም» አለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቤታችን ለቅሶ ቤት ሆነ። አሰግድ ጓደኞቹን ለመነ፤ አንዱ ሚስቴ አትፈቅድም አለ፣ አንዱ ፈረንጅ ካገሩ ውጭ ምን እንደሚያደርግ አይታወቅም አለ። ዛሬ በግድግዳው በኩል የሰማሁት የመጨረሻው ነው። «በቃ አጎቴ፣ ይቅር» አለች፤ «መልስ የምሰጥበት ጊዜ ዛሬ ማታ ያልቃል። ለሌላ ጊዜ ይሁን።» ድምፅዋ ሸክም እንዳወረደ ሰው ቀሎ ነበር። ያኔ አልገባኝም።

መብራት ጠፍቶ ነበርና ኮምፒውተሯን አዝላ ጀነሬተር ወዳለው ሆቴል ሄደች። አሰግድም ትምህርት ጽሕፈት ቤት ጉዳይ አለኝ ብሎ ወጣ። ሳሎን ስገባ ኩባንያው የላከላት ደብዳቤ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። «በወረቀት ካላየሁ አላምንም» ብሎ አሳትሚ ያላት እሱ ነው፤ ካሳተመችለት በኋላ ግን የሻይ ብርጭቆውን ነበር ያስቀመጠበት፤ ወረቀቱ ክብ ክብ ሠርቷል። አንዲት መስመር ያነበበ አይመስለኝም። ወረቀቱን በነጠላዬ ጫፍ ጠረግኩት። ሳጥኔን ከፈትኩና ከልብስ ስር፣ በላስቲክ የተጠቀለለውን ካርታ አወጣሁ። ፊደል አልቆጠርኩም? ይሁን። ቤት ግን ቆጥሬያለሁ፤ አራት ክፍል ነው፣ በቆርቆሮ የተከደነ። ለአንዲት ልጅ ዋስ ይበቃል።

ኅዳር ነው፤ ከተማው የኮምባይነር ነው። እንደ ቤት የገዘፉ ማጨጃዎች በመንገዱ መሀል ሲያልፉ ባጃጁም ጋሪውም ጥግ ይይዛል፤ አየሩ ገለባ ገለባ ይላል። ባጃጁ ልጅ መሀል ከተማ ድረስ ሠላሳ ብር አለኝ። «ትናንት ሃያ ነበር» ስለው «ትናንት ቤንዚን ነበር እማማ» አለኝ። መልስ ያለው ልጅ እወዳለሁ፤ ሰጠሁት። ውል የሚመዘገብበት ቢሮ ስደርስ ወረፋው በሩን አልፎ ደረጃው ላይ ፈስሷል። አንዱ መኪና ሊሸጥ፣ አንዷ ውክልና ልትሰጥ፣ ሁሉም በእጁ የተጠቀለለ ነገር ይዟል። አንድ ሰዓት ተኩል ከቆምኩ በኋላ፣ ጉልበቴ ሲንቋቋ የሰማች ሴት ወንበሯን ለቀቀችልኝ። ተራዬ ሲደርስ ጸሐፊው ከኮቱ ስር ሹራብ የደረበ ወጣት ነው።

«ምን ነበር እማማ?»

«ዋስ ልሆን ነው የመጣሁት። ለልጅ ልጄ፣ ቤቴን አስይዤ።»

«አሠሪው ማን ነው?»

ስሙን ላስታውስ ታገልኩ፤ እምቢ አለኝ። «ስልክህ ውስጥ ያለው ነው» አልኩት።

ከኋላዬ ያለው ወረፋ ሳቀ። እሱም ፈገግ ብሎ «ስልኬ ውስጥ ያለው ሁሉ ይቀጥራታል?» አለ።

«አንተንም ቢቀጥርህ ኖሮ እዚህ ብርድ ላይ አትቀመጥም ነበር» አልኩት። ሳቁ ወደ እሱ ዞረ።

ክፉ ልጅ አልነበረም። ወረቀቱን ተቀብሎ ገለበጠ፣ ካርታውን አየ፣ ድምፁንም ዝቅ አደረገ። «እማማ፣ ይህ ሁሉ እንግሊዝኛ ነው። ዋስትናውን የጠየቁበት ቃል ተተርጉሞ ይምጣልኝ። ቤት ማስያዝ ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም፤ ልጆችዎ ያውቃሉ?»

«ባለቤቲቱ ታውቃለች» አልኩት።

«እንዲያም ቢሆን ምን እንደሚል ሳያውቁ ጣትዎን የትም ወረቀት ላይ እንዳያሳርፉ። መጀመሪያ የሚያምኑት ሰው ያንብብልዎ» አለኝ። ከጠዋት ጀምሮ እንደ ሰው ያናገረኝ እሱ ነው፤ በልቤ መረቅኩት፤ በአፌ ግን ወረቀቴን ተቀብዬ ወጣሁ።

ከቢሮው ፊት ለፊት ቢፍቱ ፎቶ ኮፒ ቤት አላት። የከዲጃ ልጅ ናት፣ የዚያች ሽንኩርቷ ይፈስባት የነበረችው፤ ከእስከዳር ጋር ከአንደኛ እስከ አሥራ ሁለተኛ አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠው ነው የተማሩት። ቤቷ ከአልጋ ብዙም አይሰፋም። ሁለት ማተሚያ፣ አንድ ኮምፒውተር፣ እስከ ጣሪያ የተደረደረ ወረቀት፣ ለመታወቂያ ፎቶ የሚያነሱበት ሰማያዊ ጨርቅ። መሀል ከተማው መብራት ነበረው። «አኮ ኮ! ምን እግር ጥሎዎት?» ብላ ከወንበሯ ተነሳችልኝ፤ በኦሮምኛ አያቴ ማለቷ ነው፤ ከሕፃንነቷ እንዲያ ነው የምትጠራኝ። ወረቀቱን ሰጠኋት። መጀመሪያ ለራሷ አነበበችው። ቅንድቧ ከፍ አለ፤ ወደ እኔ አየች፤ ተመልሳ አነበበች።

«አኮ፣ እዚህ ውስጥ ዋስ የሚል ነገር የለም።»

«ደህና አድርገሽ እዪው። ሁለት ሳምንት ሙሉ ሰው የምንለምነው ለምን ሆነና?»

እስክሪብቶ አንስታ ከላይ ጀምሮ መስመር በመስመር በአማርኛ ነገረችኝ። ደሞዙን ነገረችኝ፤ እሱን ለማንም አልናገርም፤ ዓይን አለ። ለሁለት ዓመት ናይሮቢ ቢሮ ሆና እንድትሠራ፣ ከገና በኋላ እንድትጀምር ይላል። ስለ ሥራዋ እንዲመሰክሩላት የጠቀሰቻቸው ሁለት ሰዎች መልስ ሰጥተዋል፣ ሁለቱም በጣም አመስግነዋታል ይላል። «መጨረሻ ላይ እንዲህ ይላል አኮ፦ ከእርስዎ የቀረን መልስዎ ብቻ ነው።»

«የመሰከሩላት እነማን ናቸው?»

«አንዱ ፖላንድ የሚኖር ነው፣ አንዷ ሕንድ። ይህን ክፍቱን ሥራ አብረዋት የሚሠሩ ናቸው።»

«አይተዋት ያውቃሉ?»

«መልኳን? ኧረ አያውቁም። ሥራዋን ነው።»

በርጩማዋ ላይ ቁጭ አልኩ። አገሯን፣ ዘሯን፣ መልኳን የማያውቅ ሰው ከዓለም ጫፍ ሆኖ ይመሰክርላታል፤ አጎቷ በደሞዜ አልሆንም ይላል። እኔ ደግሞ ካርታ ታቅፌ ከተማ አዞራለሁ። ቢፍቱ ፊቴን አይታ ነው መሰል፣ «ማንም ሊያየው የሚችል ነገር ነው፤ ይምጡ ላሳይዎት» ብላ ኮምፒውተሯን ወደ እኔ አዞረችው። ጽሑፍ በጽሑፍ ላይ የተደረደረበት ገጽ ነው፤ እንደ ቃለ ጉባኤ። «እስከዳር መጀመሪያ ያረመችው ይህን ነው፤ የዛሬ ሁለት ዓመት። የጳጉሜን ነገር» አለችኝ።

ነገሩን ወዲያው አስታወስኩት። ዘመነ ሉቃስ ሲያልቅ ነው። ጳጉሜ ስድስት ቀን ጠዋት የእስከዳር ስልክ መስከረም አንድ ብሎ እንኳን አደረሳችሁ አላት። እኔም፣ «በሉቃስ ጳጉሜ ስድስት እንደምትሆን የማያውቅ ይህ ምን ዓይነት የተማረ ነው?» ብዬ ስልኩን ተሳደብኩ። እሷ ግን አልሳቀችም፤ ኮምፒውተሯን ከፍታ ገባች፤ ቀኑን ሙሉ እህል አልቀመሰችም። ከወር በኋላ ደግሞ ድንች ስልጥ መጥታ፣ «እማማ፣ በየመቶ ዓመቱስ ስድስተኛዋ ቀን አትዘለልም?» ስትለኝ፣ መቶ ዓመት ልትኖሪ ነው ወይ፣ ሉቃስ ለማንም ብሎ አይቀርም ብዬ ቀልጄባታለሁ። ወሬ መስሎኝ ነበር።

«ይህንንማ ራስዎ ይስሙት» አለች ቢፍቱ፣ እየሳቀች። «እስከዳር እንዲህ ብላ ጽፋለች፦ ይህን ስህተት መጀመሪያ ያገኘችው አያቴ ናት። አንዱ ፈረንጅ ይጠይቃል፦ በየመቶ ዓመቱስ? እሷ፦ አያቴን ልጠይቅና እመለሳለሁ። በማግስቱ ደግሞ፦ አያቴ ሉቃስ ለማንም ብሎ አይቀርም ብላለች፤ የባሕረ ሐሳብ መጽሐፍም አገላብጬ አረጋግጫለሁ።»

«ሰውየውስ ምን አለ?»

«ተቀበለው። አያትሽን አመስግኚልን ብሏል።»

«አላደረሰችልኝም!» አልኩ። ቢፍቱ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። እየሳቀች ገጹን ወደ ታች ሳበችው፤ በዚያ ሁሉ የፈረንጅ ፊደል መሀል አንዲት መስመር ላይ የእኛ ፊደል አየሁ። ማንም አላነበበልኝም። ከማዘጋጃ ቤቱ ሰው ብዕር ላይ ያየሁት መልክ ነው። ፋናዬ ገብረወልድ። «ዓለም ያየዋል ይህንን?» ብዬ ጠየቅኩ። «ዓለም ያየዋል አኮ» አለችኝ። ነጠላዬን ወደ ዓይኔ አስጠጋሁ፤ ገለባው ነው አልኳት። ኅዳር አይደል።

ዓይኔ ከደረቀ በኋላ ግን ልቤ ወደ ሌላው ነገር ተመለሰ። ዋስ ካልተጠየቀ፣ ምስክር ካልጎደለ፣ ልጅቱ ሁለት ሳምንት ሙሉ «ዋስ ጠፋ» ሲባል አፏን ምን ያዘው? ቢፍቱ ላይ አፈጠጥኩባት። መቀሱን አነሳች፣ መልሳ አስቀመጠች። «እኔ ምን አገባኝ ብዬ ነበር» አለች። «ባለፈው ረቡዕ እዚሁ እርስዎ የተቀመጡበት ላይ ሆና አልቅሳለች። የእማማን መድኃኒት ማን ይሰጣታል፣ አምና ክረምት ወድቃ ያነሳኋት እኔ ነኝ ትላለች። የዋሱን ነገር ያመጣው አጎቷ ነው። እሷ ዝም አለች፤ ዝም ስትል እሱ አመነ። ከዚያማ መቅረት ለፈለገ ሰው ጥሩ ምክንያት ሆነላት።»

አያችሁ? ልጄ አታውቅም ብሎ አለፈኝ፤ ልጅ ልጄ ደግሞ ታሳዝናለች ብላ አለፈችኝ። የቱ እንደሚብስ ገና አልወሰንኩም። ቢፍቱን ለእናቷ ደውዪልኝ አልኳት። ከዲጃ ባሏ ከሞተ ወዲህ ብቻዋን ናት፤ የኪራይ ቤቷ ጣሪያ እንደሚያፈስም አውቃለሁ። «ከዲጃ፣ የፊት ለፊቷን ክፍሌን ትፈልጊያታለሽ?» አልኳት። «ምን ጉድ ነው ፋናዬ፣ ልትሞቺ ነው?» አለችኝ። «ገና ነኝ። ግን ማታ ማታ ክኒኔን መዋጤን የሚያይልኝ ዓይን እፈልጋለሁ።» እሷም፣ «ታንኮራፊያለሽ፤ በሩ ይዘጋል?» አለች። ይዘጋል አልኳት። በዚህ አለቀ። ሠላሳ ዓመት ጎን ለጎን ገበያ የተቀመጡ ሰዎች ብዙ አይነጋገሩም።

ሆቴሉ ሩቅ አይደለም፤ በእግሬ ሄድኩ። ወደ ሠፈራችን ጠጋ ስለሚል ገና መብራት አልመጣለትም፤ ጀነሬተሩ በር ላይ ያጓራል። አዳራሹ በኮምባይነር ሾፌሮች ሞልቷል፤ ፊታቸው በአቧራ ነጥቷል፤ ጥብስ እየቆረጡ ስለ ጮሌ ማሳ፣ ዝናብ ሳይቀድማቸው ስለ መድረስ ይጯጯሃሉ። በዚያ ጩኸት መሀል፣ ግድግዳው ሥር ሶኬቱ አጠገብ፣ አንዲት ቀጭን ልጅ ጆሮዋን ደፍና ትጽፋለች። ቆሜ አየኋት። ጣቷ አንድ ነገር ይነካና ያቆማል፤ ከንፈሯን ትነክሳለች፤ ደግሞ ትጽፋለች። እኔ ጆንያ ውስጥ እጄን ስከት ፊቴ እንዲህ ይሆን ነበር ይሉኝ ነበር። እኔን ስታይ ብድግ አለች።

«እማማ! ምን ሆንሽ? ግፊትሽ ነው?»

«ግፊቴ ደህና ነው። ተቀመጪ።»

አስተናጋጁን ሻይ አዘዝኩት። ወረቀቱን ከነክብ ክቡ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት። እስከዳር ወረቀቱን አየች፣ ካርታውን አየች፣ ከዚያ እጄን አየች። ሻዩ መጣ። «ዋስ የሚለው የቱ ጋ ነው? በጣትሽ አሳዪኝ» አልኳት።

ፊቷ ቀላ። «ይህን ካርታ የት ይዘሽው ሄድሽ?»

«ዋስ ልሆንሽ። ወረፋ ቆሜ ነው የመጣሁት።»

«እማማ…» ካርታውን ወደ እኔ ገፋች። «እኔ እኮ አልዋሸሁም፤ አጎቴ ነው ራሱ…»

«አጎትሽ ሞኝ ነው። አንቺ ግን አይደለሽም። እኔን ሳትጠይቂ በእኔ ላይ ወሰንሽ።»

እንባዋ መጣ። የጠዋቱን ክኒን ከማታው ታቀላቅያለሽ አለችኝ፤ አምና ክረምት የወደቅሽበት ደረጃ አሁንም አልተጠገነም አለችኝ፤ አጎቴ ሲሬ ነው፣ ሌላ ማን አለሽ አለችኝ። አስጨረስኳት። «የጠዋቱ ረጅም ነጭ ነው፣ የማታው ክብ ቢጫ። በጨለማ ስንዴ የምለይ ሰው ሁለት ክኒን ያቅተኛል? ከዲጃ ከቅዳሜ ጀምሮ የፊት ለፊቷ ክፍል ትገባለች፤ ደውዬ ጨርሻለሁ። ደረጃውን አጎትሽ ይጠግነዋል፤ ለደሞዙ የማያሰጋው ሥራ ነው።» ሳትፈልግ ሳቀች፤ አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገች። ትንሽ ልጅ ሳለችም እንዲህ ነበረች፤ ለቅሶዋና ሳቋ አንድ በር ነው የሚጠቀሙት። ግን እጇ ወደ ኮምፒውተሩ አልተመለሰም። ጠረጴዛውን ታሻሻለች። እኔ ደግሞ ሰው ጆንያውን ሲሸጥልኝ ከታች ምን እንደደበቀ በዝምታው አውቃለሁ፤ ጠበቅኳት።

«እሱ ብቻ አይደለም እማማ» አለች በመጨረሻ፣ ወደ ሻዩ እያየች። «ፈርቻለሁ። እዚህ ስሆን ማንም አያየኝም። የጻፍኩትን ነው የሚያዩት። ብሳሳት የጻፍኩትን ያርማሉ፣ እኔ እዚሁ ነኝ። እዚያ ግን ፊት ለፊቴ ተቀምጠው፣ ስናገር እየሰሙ… አዲስ አበባ ሰውየው ሰው ፊት እንዴት እንዳደረገኝ አልነገርኩሽም።»

አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኳትም ነበር፤ ያኔ የጨዋ ወግ መስሎኝ ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ ግድግዳው ኮምፔርሳቶ በሆነ ቤት ውስጥ አብረን ኖረን፣ ይህን አላስወጣኋትም። እጇን ያዝኩት፤ ጣቶቿ በረዶ ነበሩ። ልንገራችሁ፣ ያን ጊዜ ሂጂ ማለት እኔም ከብዶኝ ነበር። ማታ ማታ ከጓዳ ሆኜ ጣቷ እየተንጫጫ ሲጽፍ እየሰማሁ ነው እንቅልፍ የሚወስደኝ። ከዲጃ ምንም ደግ ብትሆን እንዲያ ያለ ድምፅ አታሰማም። ግን ይህን ለእሷ ብነግራት አትሄድም፤ ስለዚህ ሻዬን ፉት አልኩበት።

«ስሚ» አልኳት። «ቢፍቱ ገጹን አሳይታኛለች። ስህተትሽን፣ እርማትሽን፣ ከእነዚያ ሰዎች ጋር መከራከርሽን፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ዓለም እያየው ሠርተሻል። ያንን ያህል ያልፈራሽ ልጅ አሁን ፊትሽን ነው የምትፈሪው? ፊትሽ ደግሞ ከእኔ የወረስሽው ነው፤ ምንም አይወጣለትም። የአዲስ አበባውን ሰውዬ ነገር ዛሬ ማታ ቤት ቁጭ ብለሽ ትነግሪኛለሽ፤ ስድቡን እኔ እችልበታለሁ። የፈረንጆቹን ምስጋናም ሁለት ዓመት በልተሽብኛል፤ እሱንም ትመልሺያለሽ። አሁን ግን እሱን ክፈቺው።»

ኮምፒውተሩን ወደ ራሷ ሳበችው። «ነገ ጠዋት ብጽፍስ?» አለችኝ፤ ጥርስ ሐኪም በር ላይ እንደቆመ ሰው።

«ዛሬ ነው የሚያልቀው፤ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ጻፊ። እኔ ማንበብ አልችልምና አንድ አንዱን ቃል ጮክ ብለሽ እየነገርሽኝ ጻፊ፤ ሾፌሮቹም ይስሙ። እመጣለሁ የሚለው የቱ እንደሆነ በጣትሽ አሳዪኝ። እሱን በዓይኔ ሳላየው፣ መሄዱንም ሳትነግሪኝ ከዚህ ወንበር አልነሳም።»